በእርግዝናዬ ወቅት ያደረብኝ ኀዘን የእምነት ጉድለት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ከወር በላይ ሆነኝ፤ ምክንያቱን ሳላውቀው አለቅሳለሁ፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ቆሜ መጸለይም አቅቶኛል። መጾም ስለተሳነኝ ደግሞ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። አንዲት ዘመዴ «እምነትሽ ቢጸና ኖሮ እንዲህ ባልሆንሽ፤ መድኃኒቱን ተዪና ጸበል ብቻ ተጠመቂ» አለችኝ። ሐኪም ዘንድ ብሄድ እግዚአብሔርን መጠራጠር ይሆንብኛልን?

መልስ፦ እኅታችን፣ በመጨረሻ ከጠየቁት ልጀምር፤ አይሆንብዎትም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር የሚያዝዘን እርሱንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ስለሆነ ነው። ስለዚህ ጸበል መጠጣትና መጠመቅ የታዘዘልዎትን እንክብል ለማቋረጥ ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ኀዘኑን በተመለከተ ነቢዩ ኤልያስን ያስቡ። በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ያወረደው ያ ነቢይ ብዙም ሳይቆይ በምድረ በዳ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ «ይበቃኛል» እያለ ሞቱን ለመነ (1ኛ ነገ. 19፥4)። የተላከለት መልአክ ግን እምነትህ ጎደለ ብሎ አልወቀሰውም፤ «ተነሥተህ ብላ» አለው እንጂ። በልቶ ጠጥቶ ተመልሶ ሲተኛም ተወው፤ ከዚያም ዳግመኛ ቀስቅሶ መገበው። እግዚአብሔር በኮሬብ ያነጋገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንግዲህ የደከመን ሰው አስቀድሞ መመገብና ማሳረፍ ከእግዚአብሔር የተማርነው ነገር ሆኖ ሳለ፣ እኛ ለደከመች ነፍሰ ጡር ወቀሳን ማስቀደማችን ከየት የመጣ ልማድ እንደሆነ አይገባኝም።

የእርስዎ ሁኔታ ብርቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ በዓለም ዙሪያ ከነፍሰ ጡር ሴቶች 10 በመቶ ያህሉ፣ ከወለዱት ደግሞ 13 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጤና መታወክ፣ በተለይም ድባቴ ያጋጥማቸዋል። ልቅሶውና እንቅልፍ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ የእርስዎ ደግሞ ከወር አልፏል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎት ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያኑ ቀን ለቅርብ ሰው ነግረው ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ስለ ጾም፣ የሐዋርያት ቀኖና ራሱ ጾምን ሲያዝዝ የሥጋ ድካም የከለከለውን ሰው ለይቶ ያስቀምጣል። በእርግዝና ወቅት የእናቲቱ ደም መጠን ይጨምራል፤ ፅንሱም ብረት የሚያገኘው ከእርሷ ነው። በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረትና 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ እንዲወሰድ የሚመከረውም ስለዚህ ነው። የሶምሶን እናት ከመፅነሷ በፊት የወይን ጠጅና የሚያሰክር መጠጥ እንዳትጠጣ በመልአኩ ታዝዛለች (መሳ. 13፥4)። ትእዛዙ የተሰጠው ልጁ ናዝራዊ፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተለየ፣ ስለሚሆን እንደነበር አልዘነጋሁም፤ ነገር ግን እናት የምትበላውና የምትጠጣው ነገር የልጁም ጉዳይ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። እንግዲያስ የሐኪሙን ምክር ይዘው ወደ ንስሐ አባትዎ ይሂዱ፤ ጾሙንም ስግደቱንም እንደ አቅምዎ ይወስኑልዎታል። በራስዎ ፍርድ በጾም መጨነቅም፣ በስውር እየበሉ መሳቀቅም አያስፈልግዎትም።

ጸሎቱን ተቀምጠው፣ ካልሆነም ተኝተው ያድርሱ፤ አንድ «አቡነ ዘበሰማያት» ብቻ ቢሆንም ይበቃል። ብቻዎን አይሁኑ። እመቤታችን ኤልሳቤጥን ለመጎብኘት ሄዳ ሦስት ወር ያህል አብራት ተቀምጣለች፤ ሁለቱም ነፍሰ ጡሮች ነበሩ። ባለቤትዎም ይህን መልስ ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል፤ ሌሊት እንቅልፍ ያጣች ሚስት ቀን ላይ እንድታርፍ የቤቱን ሥራ መያዝ የእርሳቸው ድርሻ ነውና።

ለእርግዝና ክትትል ሲሄዱ ስለ እግር እብጠትና ስለ ራስ ምታት እንደሚናገሩት ሁሉ ስለ ልቅሶውም ሳያፍሩ ይንገሯቸው፤ ብዙ እናቶች ይህን ሳይናገሩ ይመለሳሉና።