መቼ እንደምትታወቁ ለምትጠይቁኝ ወጣት ሙዚቀኞች

ውድ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን በሙዚቃ ማስተማር ስላሳለፍሁ፣ «መቼ እታወቅ ይሆን?» የሚል ጥያቄ ሳልሰማ የምውልበት ጊዜ ጥቂት ነው። በዚህ ጊዜ የማነሣላችሁ እ.ኤ.አ. በ1943 በኤድንብራ የተወለደውን ስኮትላንዳዊ ሙዚቀኛ ሮቢን ዊሊያምሰንን ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።

ሮቢን ሙዚቃን እንጀራው ለማድረግ ሲል ትምህርት ቤቱን የለቀቀው በ15 ዓመቱ ነው። በዚህ አትከተሉት፤ እርሱም ቢሆን ከትምህርት ቤት ወጣ እንጂ መማሩን አላቋረጠም። ከክላይቭ ፓልመርና ከማይክ ሄሮን ጋር በመሠረተው ኢንክሬዲብል ስትሪንግ ባንድ በ1966 የመጀመሪያውን አልበም ካወጣ በኋላ ወደ ሞሮኮ ተጓዘ፤ ገንዘቡ አልቆ ሲመለስም የዚያን አገር የሙዚቃ መሣሪያዎች ይዞ መጣ። ከእነርሱ አንዱ ሞሮኮዎች በጣት የሚመቱት ባለ ክር መሣሪያ፣ ጊምብሪ፣ ሲሆን፣ እርሱ ግን ልክ እንደ ማሲንቆ በደጋን እየገዘገዘ በአልበሞቻቸው ላይ ተጫወተበት። የስኮትላንድን የባሕል ዜማ ከሩቅ አገር ድምፅ ጋር ያዋሐደው ይህ አጨዋወት ሳይክደሊክ ፎክ ለሚባለው፣ የባሕል ዘፈንን ከሕልም መሰል ድምፆች ጋር ለሚያዋሕደው ስልት ፈር ከቀደዱት አንዱ ሆነ፤ በ1968 የወጣው አልበማቸውም በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ 5ኛ ደረጃ ደረሰ።

በነሐሴ 1969 አሜሪካ ውስጥ በተካሄደው ታላቅ የሙዚቃ ድግስ፣ በውድስቶክ ፌስቲቫል፣ ዓርብ ማታ ሊጫወቱ ተራቸው ሲደርስ ዝናብ ወረደ፤ እነርሱም አንወጣም አሉ። በተራቸው የገባችው ዘፋኝ ሜላኒ በዚያች ሌሊት ዝናን አተረፈች። እነርሱ በማግሥቱ ቀን ላይ ወጥተው፣ ጠንካራ ሮክ ይጠብቅ ለነበረ ሕዝብ ተጫወቱ፤ አቀባበሉ ቀዝቃዛ ነበር፣ ስለ ፌስቲቫሉ በተሠራው ፊልምም ውስጥ አልገቡም። ሥራ አስኪያጃቸው ጆ ቦይድ በኋላ እጅግ ተጸጽቶበታል። እኔ ግን በእርጥብ መድረክ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ መጨበጥን እምቢ ባለ ሰው አልፈርድም።

ባንዱ በ1974 ፈረሰ። ሮቢን አሜሪካ ተሻግሮ ሌላ ባንድ አቋቋመ፤ ቀጥሎም ሃርፕ እየደረደረ የጥንት ተረቶችን ለትንንሽ አዳራሾች ታዳሚ መተረክ ያዘ። ዕድሜው ከ50 ካለፈ በኋላ የዌልሱን ባለቅኔ የዲላን ቶማስን ግጥሞች ጭምር በዜማ የተጫወተበትን አልበም፣ ኢሲኤም የተባለው የጀርመን አሳታሚ በ2000 አወጣለት። ለተማሪዎቼ አስቀድሜ የማሰማው ይህንኑ ነው፤ የ1968ቱን ራሳቸው ፈልገው ያገኙታልና።