አሮጌ የእርሻ ማሽን ጭናችሁ ረጅም መንገድ ለምትወጡ ወጣቶች

ወደዚህ ሥራ አዲስ ለገባችሁ ልጆች የምመክረው፣ አሮጌን ማሽን እንደ አንድ ዕቃ እንዳታዩት ነው። መቆለፊያው ያለቀ ኮፈን፣ ዝገት የበላው ፓራፋንጎ፣ ዘይት የሚያፈስ ማንሻ ክንድ፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ እንደተጫኑ ቁጠሯቸው። ትራክተሩ ከቦታው ንቅንቅ ባይልም ከእሱ የተላቀቀ አንድ ቆርቆሮ ከኋላ የሚመጣውን ሰው ሊገድል ይችላል።

መጀመሪያ ክብደቱን እወቁ። መመሪያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ነው። ከዚያ በኋላ ብረት ተጨምሮበት፣ የኋላ ጎማዎቹም ውሃ ተሞልተው ሊሆን ይችላል። አንድ ትልቅ የኋላ ጎማ ከ300 ሊትር በላይ ሊይዝ ስለሚችል ሁለቱ ብቻ ከ600 ኪሎ በላይ ይጨምራሉ። ለማረጋገጥ የጎማውን ቫልቭ ወደ ታች አዙሩና መርፌውን ጫን አድርጉ፤ በአየር ፈንታ ውሃ ካንጠባጠበ ተሞልቷል ማለት ነው። ፊታችሁን ግን አርቁ። ውሃው በረዶ እንዳይሆን ተብሎ ካልሲየም ክሎራይድ የሚባል ጨው ሊቀላቀልበት ይችላል። ይህ ጨው ቸርኬውን ከውስጥ ይበላዋል፤ በቫልቩ ዙሪያ ዝገት ካያችሁ ቸርኬውን ማሰሪያ አታድርጉት።

አስፋልት ላይ እየጎተታችሁ ለመውሰድ አትሞክሩ። ማሽኑ የተሠራው ለዝግታ ነው። ካምቢዮው በሞተር የሚዞር የዘይት ፓምፕ ካለው ደግሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሲጎተት ጥርሶቹና ኩሽኔታዎቹ ያለ ዘይት ይፈጫሉ።

ሞተሩ የማይነሳውን ማሽን በዊንች (በኬብል መሳቢያ) ወደ ጭነት መኪናው ስትስቡ ማንም ሰው በኬብሉ አቅጣጫም ሆነ ከማሽኑ ኋላ አይቁም። የአሮጌ ትራክተር ፍሬን አይታመንም፤ ስለዚህ ከጎን የቆመ ሰው በረጅም እጀታ ታኮውን (ጎማ የሚያግተውን ሽብልቅ) ጎማውን እያስከተለ ይግፋ። የብረት ጎማ ያለው ከሆነ ወለሉ ላይ ወፍራም ጣውላ አንጥፉ፤ ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል። የምትጠቀሙት በትንሽ መኪና የሚሳብ ተጎታች ከሆነ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶው ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው መንጠቆ ላይ ይረፍ። ከዚያ ካነሰ ተጎታቹ በፍጥነት ወይም ቁልቁለት ላይ ይወዛወዛል፣ መኪናውንም ይዞት ሊገለበጥ ይችላል።

አሁን ወደ ማሰሩ። ማሰሪያው በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ የጭነቱን ክብደት 80 በመቶ የሚያህል ግፊት ወደ ፊት፣ በኩርባ ደግሞ 50 በመቶውን ወደ ጎን መቋቋም አለበት። ቢያንስ አራት ሰንሰለት ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ ማዕዘን አንድ፣ ሁለቱ ወደ ፊት ሁለቱ ወደ ኋላ የሚስቡ። የጥንካሬ ደረጃው 70 የሆነ 10 ሚሊ ሜትር ሰንሰለት 3 ቶን ገደማ እንዲሸከም የተፈቀደ ነው፤ የደረጃው ቁጥር ሰንሰለቱ ላይ ተቀርጿል፣ ካልተቀረጸ አትመኑት። የሚታሰረው በአክስሉ መያዣና በመጎተቻው ላይ ነው። የመሪ ዘንግ፣ የሃይድሮሊክ ቧንቧ፣ የእግር መርገጫ በፍጹም አይነኩም። ከማሽኑ ጋር የተያያዘ ማረሻ ካለ ወለሉ ላይ አውርዱት፤ አሮጌ ሃይድሮሊክ ግፊቱን ይለቃል። ከዚያም የራሱ ሰንሰለት ይሰጠው። የሰንሰለት መወጠሪያ ስትመርጡ በማንሻ ዘንግ የሚያጠብቀውን ትታችሁ ጥርሳሙን ውሰዱ። የማንሻው ዘንግ ወደ ኋላ ሲመለስ መንጋጋ ይሰብራል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ጭስ ማውጫውን ነው። ክፍት ሆኖ ወደ ላይ የቆመ ቧንቧ በመንገድ ላይ ዝናብ ካገኘው ውሃው በተከፈተው የሞተር ቫልቭ በኩል ሲሊንደር ውስጥ ሊገባ፣ ፒስተኑም ዝጎ ሊጣበቅ ይችላል። ሲጫን ሲሠራ የነበረ ሞተር ሲወርድ አልዞር ቢል በዚህ ሊሆን ይችላል። ቱርቦ (በጭሱ ግፊት እየዞረ ለሞተሩ አየር የሚገፋ መዘውር) ካለው ደግሞ ዝናብም አያስፈልግም፤ በጭስ ማውጫው የሚገባው ነፋስ ብቻውን ቱርቦውን ያዞረዋል፣ ሞተሩ ስለጠፋ ዘይት አይደርሰውም፣ ኩሽኔታው ይቃጠላል። የጭስ ማውጫውን አፍ ወፍራም ላስቲክ አልብሳችሁ በሽቦ አጥብቁት። ቧንቧውን ብትፈቱት ይሻላል፤ ቁመቱም ይቀንሳል፣ ቀዳዳውን ግን ድፈኑ።

ኮፈኑን በሰፊ ጨርቅ ገመድ ዙሩበት። ማሽኑ ወደ ኋላ ዞሮ ከተጫነ ነፋሱ ኮፈኑን ከኋላ ገብቶ ይገለብጠዋል፣ የጋቢናውን የኋላ መስታወትም ሊሰብር ይችላል። የናፍጣውን ቧንቧ ዝጉ፣ ባትሪውን ፍቱ። በጎማው ላይ የደረቀውን ጭቃ አራግፉ፤ መንገድ ላይ ድንጋይ ሆኖ ይወድቃል።

የኮምባይነር የፊት መቁረጫ ተፈትቶ ለብቻው ይጫናል። የእህል ማራገፊያ ቧንቧው ታጥፎ በገመድ ይታሰራል፤ መቆለፊያው አሮጌ ነው። ቁመቱን ከተጫነ በኋላ ከመሬት ለኩ፤ ቁጥሩንም ሾፌሩ ዓይን ፊት ለጥፉት። የድልድይና የኤሌክትሪክ ገመድ ቁመት የሚነጻጸረው በዚህ ነው።

ከተነሳችሁ በኋላ በመጀመሪያው 50 ኪሎ ሜትር ውስጥ ቁሙ። ጎማዎቹ ተጨፍልቀው፣ ሰንሰለቱም ቦታውን ይዞ ስለሚላላ አጥብቁት። ከዚያ በየሦስት ሰዓቱ፣ በተሰባበረ መንገድ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ፈትሹ። በየማረፊያው የተጎታቹን ጎማ መሐል በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱ፤ ከሌሎቹ ይልቅ የሚፋጅ ካለ ኩሽኔታው ወይም ፍሬኑ ችግር አለበት፣ ሳይስተካከል አትቀጥሉ። ስትደርሱ ሰንሰለቱን ከመፍታታችሁ በፊት ታኮ አድርጉ፤ ጭነቱ መወጠሪያው ሲላላ ሊንሸራተት ይችላል።