የዶሮ ጉበት ለደም ማነስ፦ እኔ ላይ የደረሰው አንቺ ላይ አይድረስ

እህቴ፣ «ደም ማነስ አለብሽ ተብያለሁ፤ የዶሮ ጉበት ይጠቅማል አሉኝ፣ እንዴትና በሳምንት ስንቴ ልብላ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እንደኔ አራስ ነሽ ብዬ ልመልስልሽ። እርጉዝ ከሆንሽ ግን ጉበት የሚባል ነገር ይቅርብሽ፤ ቫይታሚን ኤ ስለሚበዛበት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል።

1. ጥቅሙ እውነት ነው። 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ጉበት ወደ 24 ግራም ፕሮቲንና ከ11 ሚሊ ግራም በላይ አይረን አለው፤ በኛ ዕድሜ ላለች ሴት በቀን የሚመከረው 18 ሚሊ ግራም ነው። ደም ለመሥራት የሚያስፈልጉት ቫይታሚኖች፣ ቢ12 እና ፎሌትም፣ ሞልተውበታል። አይረኑን ደግሞ ሰውነት ከምስርና ከጎመን አይረን ይልቅ በቀላሉ ይወስደዋል።

2. አብስዪው! አቦ፣ በደንብ አብስዪው! እኔ ጉድ የሆንኩት እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛ ልጄን ወልጄ ሁለት ወር ሳይሞላኝ ሄሞግሎቢኔ (የደም ማነስ የሚለካበት ቁጥር) 9.1 ተባለ። እዚህ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ወርጄ ግማሽ ኪሎ ጉበት ገዛሁ፤ ፌስታሉን እንዳንጠለጠልኩ ከዚራ ሰፈር ዘመድ ጠይቄ ሳቢያን ሰፈር ቤቴ የገባሁት እኩለ ቀን ላይ ነው። የድሬን ሙቀት ታውቂዋለሽ። አማቴ ደግሞ «ጉበት ሲበስል ጉልበቱ ይጠፋል» አሉኝ፤ እኔም እንደ በሬ ጉበት ሽንኩርትና ቃሪያ ላይ ጣል አድርጌ ለብለብ አደረግኩት። ጣፈጠኝ፤ በላሁት።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳት፣ ቁርጠት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ። ልጄን አዝዬ አንድ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ካርድ ክፍል ያለው ሰውዬ ምን እንደበላሁ ጠይቆኝ ስነግረው «ማን ብዪ አለሽ?» ብሎ በሰው ሁሉ ፊት ሳቀብኝ፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት አስቀመጠኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የታመመ ሰው ይሳቅበታል? እግዜር ይስጣት፣ ያስረዳችኝ አንዲት ነርስ ናት። የዶሮ ጉበት ላይ ብዙ ጊዜ ካምፒሎባክተር የሚባል ጀርም ይገኛል፤ ላዩ ላይ ብቻ ሳይሆን ውስጡም ይገባል፤ ላዩን ጠበስ ማድረግ አይገድለውም። መሃሉ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። መለኪያ ከሌለሽ ትልቁን ቁራጭ ሰንጥቀሽ እዪው፤ ሮዝ ቀለም ወይም ቀይ ፈሳሽ ካለው ወደ እሳቱ መልሺው። አማትሽ የፈለጉትን ቢናገሩ አትስሚ። እኔ ሳምንት ተኛሁ፣ ጡቴም ወተቱ ቀነሰ።

3. አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። በረዶ የያዘ ዕቃ ይዤ እሄዳለሁ፣ ገዝቼ በቀጥታ ቤቴ። ሐሞት ነክቶት አረንጓዴ የሆነውን ቆርጬ እጥላለሁ። በቧንቧ ውኃ አላጥበውም፣ ጀርሙ ማጠቢያውንና ሰላጣውን ሁሉ ይረጫል። (ዶሮ ደጋግሞ አጥቦ ላደገ ሰው ይህ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ።) ቅቤ አላበዛም፤ ጥቂት ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ መጨረሻ ላይ ሎሚ። የዚያኑ ቀን ካልሠራሁት በማግስቱ፤ ከዚያ አያልፍም።

4. በሳምንት አንዴ፣ ሁለት ፍሬ ጉበት ይበቃሻል። 100 ግራሙ ወደ 4,000 ማይክሮ ግራም ቫይታሚን ኤ አለው፤ ለአዋቂ የቀን ጣሪያው 3,000 ነው፣ ትርፉም ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። ኮሌስትሮሉም ብዙ ነው። ቤት ውስጥ ሪህ ያለበት ሰው ካለ ከሳህንሽ አታጉርሺው፤ ይነሳበታል።

5. የታዘዘልሽን የአይረን ኪኒን እንዳታቋርጪ። እኔ ጉበት ጀመርኩ ብዬ ሦስት ሳምንት ትቼው ነበር፤ ነርሷ በጣም ተቆጣችኝ፣ ልክ ናት። በሻይና በቡና አትዋጪው፣ ቁጢም (የቡና ቅጠል ሻይ) ቢሆን ራቅ አድርጊው፤ እኔ በብርቱካን ጭማቂ ነበር የምውጠው። በአራተኛው ወር ስለካ ሄሞግሎቢኔ 12.3 ሆነ። ወረቀቱን እስካሁን ቁም ሳጥኔ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።