ሲሄዱ 17፣ ሲመለሱ 13፦ የዋሽንግተን በረራ ሰዓት ለምን ይለያያል?

ጥያቄ፦ እናቴ በጥር ወር እህቴን ልትጠይቅ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ትሄዳለች። ትኬቷ ከአዲስ አበባ 22:30 ተነስታ በማግስቱ 07:30 ትደርሳለች ይላል፤ ስቆጥረው 9 ሰዓት ነው። ወኪሉ ግን 17 ሰዓት ነው አለኝ። መመለሻው ደግሞ 13 ሰዓት ነው። መንገዱ ያው አይደለም ወይ? (ከአያት፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ርቀቱማ ያው ነው። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በአጭሩ መስመር 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚበር አውሮፕላን ይህ የ13 ሰዓት መንገድ ነው፤ መመለሻውም ይህንኑ ይላል። ጣጣው ያለው ቦሌ ላይ ነው።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ደለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በቦሌ ከፍታ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሳሳ ያለ አየር ክንፉን እንደልብ አይሸከምም፤ የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሰውና ጓዝ ሞልቶ፣ እስከ አሜሪካ የሚያደርሰውን ነዳጅም ሁሉ ይዞ ለመነሳት ይከብደዋል። መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል። ማረፊያው እንደየጊዜው ይለዋወጣል፦ የአየርላንዷ ደብሊን የሆነበት ጊዜ አለ፣ የቶጎዋ ሎሜ የሆነበትም አለ። በደብሊን በኩል መንገዱ የሚረዝመው 270 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በሎሜ በኩል ግን 1,200 ገደማ ይጨምራል። በዚያ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስ፣ በተለይ በብርዱ ወራት፣ ሲሄዱ ከፊት ይገጥማል፣ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል።

ትኬቱ ላይ አንድ የበረራ ቁጥር ብቻ ስላለ ማረፊያ የለውም ማለት እንዳልሆነም ልብ ይበሉ።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ትኬት ላይ መነሻውም መድረሻውም የሚጻፈው በየአገሩ ሰዓት ነው። በጥር ዋሽንግተን ከእኛ 8 ሰዓት ወደኋላ ናት። ሲሄዱ ይደመራል፦ 9 እና 8፣ 17። ሲመለሱ ይቀነሳል፦ ከዋሽንግተን 11:00 ተነስቶ በማግስቱ 08:00 ቦሌ የሚደርስ በረራ በሰዓት ቆጠራ 21 ነው፤ 8 ሲነሳለት 13 ይሆናል። አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ስለሚያስቀድሙ በእነዚያ ወራት ልዩነቱ 7 ነው። እናትዎ ከፋሲካ በኋላ የሚመለሱ ከሆነ በ8 እንዳይቀንሱ።

ለእህትዎም ሲነግሯት «ጠዋት 1:30» ሳይሆን «7:30» ይበሏት። አለዚያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ደለስ ቆማ ታድራለች።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ በሚነሳ በረራ ነው። «ማክሰኞ 00:40» የሚል ትኬት በእኛ አቆጣጠር የሰኞ ሌሊት 6:40 ነው፤ ቦሌ መገኘት የሚገባው ሰኞ ማታ 3:40 ላይ ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን ጭኖ የመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። የእናትዎ 22:30 የምሽቱ 4:30 ስለሆነ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው፤ 1:30 ላይ ቦሌ ይድረሱ።