ስኮትላንድ ለጎልፍ ለምትሄዱት፦ አንድ ከተማ ላይ ብትቀመጡ ይሻላል

ወንድማችን፣ በሚቀጥለው ግንቦት ከባለቤትዎ ጋር ከሜሪላንድ ተነሥታችሁ በ7 ቀን ውስጥ ተርንበሪ፣ ሴንት አንድሪውስ፣ ካርኑስቲና ሮያል ዶርኖክ በተባሉት የጎልፍ ሜዳዎች ለመጫወት ማሰባችሁን ገልጸው፣ ዕቅዱ የሚያስኬድ መሆኑንና በሴንት አንድሪውስ ባለው ኦልድ ኮርስ በተባለው ሜዳ የመጫወቻ ተራ እንዴት እንደሚገኝ ጠይቀዋል። መቻሉን ይቻላል፤ እኔም የመጀመሪያ ጉዞዬን ያደረግሁት በዚሁ ዓይነት ነበር። ከዚያ ጉዞ አብልጬ የማስታውሰው ግን ባሕሩንና ሜዳውን ሳይሆን መኪና ውስጥ ያሳለፍኩትን ሰዓት ነው። ተርንበሪ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ላይ ነው፤ ዶርኖክ ደግሞ በሰሜን፣ ከኢንቨርነስም አልፎ ይገኛል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ብቻ ግማሽ ቀን ይበላል። ስለዚህ በሁለተኛው ጉዞ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ከኤደንብራ በስተምሥራቅ ባለችው ኖርዝ ቤሪክ ቤት ተከራይተን 5 ቀን ተቀመጥን፤ አንዱን ሜዳም ሦስት ጊዜ ተጫወትነው። ለእናንተም ከልቤ የምመክረው ይህንኑ ነው።

ምክንያቱ ያለው ከመሬቱ ጠባይ ላይ ነው። ሜዳዎቹ ያሉበት ሊንክስ የሚባለው በባሕሩና በእርሻው መካከል ያለው፣ ለእርሻ የማይመች አሸዋማ መሬት ነው። ዝናብ ቢወርድበት ውሃው ወዲያው ይሰርጋል፤ ሣሩ ስስና አጭር፣ መሬቱም ጠጣር ስለሆነ ኳሷ ካረፈች በኋላ ብዙ ትንከባለላለች። እኛ አሜሪካ ውስጥ የለመድነው ኳሷን ከፍ አድርገን ግሪኑ (ጉድጓዱ ያለበት፣ ሣሩ አጥሮ የተከረከመ ቦታ) ላይ መጣል ነው፤ እዚያ ግን ከፍ ያለች ኳስ የነፋስ ሲሳይ ናት። ዝቅ አድርጎ መምታትን፣ መሬቱ ራሱ ወዴት እንደሚመራ ማየትን፣ ከግሪኑ 30 ያርድ ርቆም ቢሆን ፓተር (ኳሷን መሬት ለመሬት የሚያንከባልለውን ዱላ) ማውጣትን መልመድ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ በአንድ ቀን አይለመድም። የኖርዝ ቤሪክ ዌስት ሊንክስ በባሕሩ ዳር ወደ ምዕራብ ይሄድና ወደ ከተማው ይመለሳል፤ በተለመደው የምዕራብ ነፋስ ሲሄዱ ነፋሱ ፊትዎን ይመታል፣ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋዎታል። በሁለተኛው ቀናችን ነፋሱ ከምሥራቅ መጣና ሁሉም ነገር ተገለበጠ፤ ትናንት በሁለት ረጃጅም ምት አልደርስበት ያልኩትን ግሪን በድራይቨር (በረጅሙ ዱላ) እና ለአጭር ርቀት በሚሆነው በዘጠኝ ቁጥር አይረን አለፍኩት። አንድ ጊዜ ብቻ ተጫውቶ የሚሄድ ሰው የሜዳውን ግማሽ ብቻ አይቶ ይመለሳል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በዚያው ሜዳ ላይ 13ኛው ጉድጓድ፣ ማለትም ከመነሻው እስከ ግሪኑ ያለው 13ኛው የጨዋታ ክፍል፣ «ፒት» ይባላል። ከግሪኑ ፊት ዝቅ ያለ የድንጋይ አጥር ተጋርጧል። በመጀመሪያው ቀን ኳሴ ከአጥሩ ሥር፣ ከድንጋዩ አንድ ክንድ ያህል ርቃ ቆመች። ቦርሳ እየያዘ የሚመክረን ካዲያችን ዕድሜው የገፋ የአገሩ ሰው ነበር፤ ዌጁን (ኳሷን ከፍ አድርጎ የሚያነሣውን ዱላ) ላወጣ እጄን ስሰድድ መዳፉን ቦርሳው ላይ ጫነና በጣቱ ወደ ኋላ፣ ወደ መጣሁበት አቅጣጫ አሳየኝ። አንድ ምት መክፈል ሦስት ከመክፈል ይሻላል ማለቱ ነበር። ወደ ኋላ መታሁ፤ ከዚያም ኳሷን በአጥሩ ላይ አሳልፌ በ6 ምት ጨረስኩ። በሦስተኛው ቀን ሁለተኛ ምቴን ሆን ብዬ አሳጥሬ፣ ከአጥሩ ራቅ ብላ ሙሉ የዌጅ ምት የሚበቃ ርቀት ላይ አስቀረኋትና በ5 ወጣሁ። ከሁለት ጉድጓድ በኋላ የሚመጣው ሬዳን የሚባለው፣ ንድፉ በዓለም ዙሪያ የተቀዳ ጉድጓድ ነው፤ ግሪኑ ከፊት ቀኝ ወደ ኋላ ግራ ስለሚያዘነብል፣ ባንዲራውን ትቶ ከቀኝ አሳርፎ እንድትንከባለል መተው ነው። ከሜዳው ሆነው ከባሕሩ መካከል የሚታየው ባስ ሮክ የተባለ ዓለታማ ደሴት በበጋ ከሩቅ ነጭ የሚመስለው በላዩ በሚሰፍሩት የባሕር ወፎች ነው።

መኪና አያስፈልጋችሁም። ከኤደንብራ ዌቨርሊ ጣቢያ እስከ ኖርዝ ቤሪክ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። በአቅራቢያው ባለችው ጉለን ሦስት ሜዳዎች አሉ፤ ቁጥር 1 ከሚባለው ሜዳ ኮረብታ ላይ ፈርዝ ኦፍ ፎርዝ የተባለው የባሕር ወሽመጥ ከዳር እስከ ዳር ይታያል። በመስልበራ ደግሞ በፈረስ መወዳደሪያው ውስጥ 9 ጉድጓድ ያለው አሮጌ ሜዳ አለ፤ ዛሬ ትንሽ ቢመስልም በ19ኛው መቶ ዘመን ኦፕን ሻምፒዮና የተባለውን ታላቁን የብሪታንያ የጎልፍ ውድድር 6 ጊዜ አስተናግዷል፤ ለመጀመሪያው ቀን፣ ከአውሮፕላን ድካም በኋላ የሚበቃ ነው።

ወደ ኦልድ ኮርስ ልመለስ። ሜዳው የሕዝብ ነው። አስቀድሞ ተራ ያልያዘ ሰው ከሚጫወትበት ዕለት 2 ቀን ቀድሞ ስሙን ለዕጣ ያስገባል። ለዚህ የተመዘገበ ሃንዲካፕ (የተጫዋቹን ችሎታ የሚያሳይ ቁጥር) ስለሚጠየቅ የሁለታችሁንም ማረጋገጫ ይዛችሁ ሂዱ። የ2024 የበጋ ዋጋው ለአንድ ሰው 320 ፓውንድ ነበር። ዕጣው ካልወጣላችሁ በዚያው ያሉት ኒው ኮርስና ጁቢሊ እውነተኛ ሊንክስ ናቸውና በእነሱ መጫወትን እንደ ማካካሻ አትቁጠሩት። በሴንት አንድሪውስ ባቡር ጣቢያ የለም፤ በአቅራቢያው ባለው ሉከርስ ጣቢያ ወርዳችሁ በአውቶቡስ ወይም በታክሲ መቀጠል ነው።

ባለቤትዎ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ እንዳላቸው ስለጻፉ ይህን አደራ እላለሁ፦ ግሪን ካርድ ለብሪታንያ ጉብኝት ቪዛን አይተካም፤ የሸንገን ቪዛም እዚያ አያገለግልም። እሳቸው የጎብኚ ቪዛ ቀደም ብለው ማመልከት አለባቸው፤ እርስዎ በአሜሪካ ፓስፖርት የሚጓዙ ከሆነ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ኢቲኤ የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ ፈቃድ አስቀድመው መያዝ ይጠበቅብዎታል። የሜዳ ተራ ከመክፈላችሁ በፊት ይህ ይለቅ።

ልብስን በተመለከተ ጃንጥላውን እቤት ትታችሁት ሂዱ፤ ነፋሱ ይገለብጠዋል። ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ሲረጥብም ዱላውን አጥብቆ የሚይዝ ጓንትና ሁለተኛ ጫማ ይበቃል። ግንቦት መልካም ወር ነው፤ እሾኻማው የጎርስ ቁጥቋጦ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ያብባል፣ በወሩ መጨረሻም ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ከእራት በፊት ሌላ 9 ጉድጓድ ለመጫወት ጊዜ ይተርፋችኋል።

የሴንት አንድሪውስ ቀናችሁ እሑድን እንዲነካ አድርጉት። እሑድ ኦልድ ኮርስ ለጨዋታ ይዘጋል፤ የከተማው ሰው ልጆቹንና ውሻውን ይዞ በሣሩ ላይ ይንሸራሸራል። ዕጣው ቢወጣላችሁም ባይወጣላችሁም፣ ከ17ኛው ጉድጓድ ጀምሮ ትንሹን የስዊልከን ድልድይ ተሻግራችሁ እስከ መጨረሻው ግሪን ድረስ ሁለታችሁ በእግራችሁ ሂዱበት።