የቆመ ፓምፕ ለማስነሳት ለምትቸኩሉ

አንድ ወጣት መሐንዲስ «ፓምፕ ከቆመ ቶሎ አስነስቶ ምርት መቀጠል ነው እንጂ ምን ያስጠብቃል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሎንግፎርድን እንዳነሳ ያደረገኝ ይህ ጥያቄ ነው። ስለ ራስ ቁርና ጓንት አልጽፍም፤ ታውቁታላችሁ።

በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት ባለው የሎንግፎርድ የተፈጥሮ ጋዝ ማጣሪያ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 25 ቀን 1998፣ ትኩስ ዘይት የሚገፉት ፓምፖች ቆሙ። ሙቀቱ ሲቋረጥ ቀዝቃዛው ፈሳሽ ግን መፍሰሱን አላቆመም። በሰዓታት ውስጥ የሙቀት መለዋወጫው (ትኩሱ ዘይት ቀዝቃዛውን ፈሳሽ የሚያሞቅበት የብረት ዕቃ) ከዜሮ በታች ወደ 48 ዲግሪ ወረደ፤ ውጪው በረዶ ለበሰ። እንዲህ የቀዘቀዘ ተራ ብረት መለጠጡን ትቶ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ሠራተኞቹ ፓምፑን አስነስተው 230 ዲግሪ የሞቀ ዘይት ሲልኩበት ተሰነጠቀ። ከ10 ቶን በላይ ጋዝ ወጥቶ 170 ሜትር ያህል ርቆ ካለ ምድጃ እሳት አገኘ። ሁለት ሰዎች ሞቱ፣ ስምንት ቆሰሉ። በግቢው የነበሩት ሦስት ማጣሪያዎች በቧንቧ የተሳሰሩ ስለነበሩ አንዱን ለይቶ መዝጋት አስቸገረ፤ እሳቱ ከሁለት ቀን በላይ ነደደ፣ ግዛቱም ለሁለት ሳምንት ያህል ጋዝ አጣ።

የዛሬ ልጆች ስክሪን ላይ ተተክላችሁ ትውላላችሁ። ወጥታችሁ ቧንቧውን እዩ፤ በረዶ በግራፍ አይታይም። ግን ልክ ልናገር፦ ሎንግፎርድ ላይ በረዶውን በዓይናቸው አይተውታል። ምን ማለት እንደሆነ የነገራቸው አልነበረም። መሐንዲሶቹ እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ ሜልበርን ተዛውረው ነበር፤ በማጣሪያው ላይም ሊከሰቱ የሚችሉ አደጋዎች ደረጃ በደረጃ አልተፈተሹም።

ስለዚህ ብረቱ ላይ ያለውን ሰሌዳ አንብቡ፤ የሚፈቀደው ዝቅተኛ ሙቀት እዚያ ይጻፋል። ከዚያ በታች ከወረደ ትኩስ ነገር አትላኩበት። ቀዝቃዛውንም ሞቃቱንም መስመር ዝጉ፣ ግፊቱን ወደ ችቦው (ትርፍ ጋዝ ወደሚቃጠልበት ማማ) አስወጡ፣ ብረቱ በራሱ ቀስ ብሎ ይሙቅ፣ ከዚያ ስንጥቅ ይመርመር። ፍሳሽ ካያችሁ አሙቀን እንደፍነዋለን አትበሉ፤ ያን ቀን ከታሰቡት ነገሮች አንዱ ይህ ነበር።

ሎንግፎርድን የሚያንቀሳቅሰው ኩባንያ ጥፋቱን በኦፕሬተሩ፣ ማለትም መሣሪያውን በሚቆጣጠረው ሠራተኛ ላይ ለመጣል ሞከረ። የመንግሥት መርማሪ ኮሚሽን አልተቀበለውም፤ ሥልጠናውን ያጓደለው ኩባንያው ነው አለ። የማስነሻ መመሪያችሁ ውስጥ ያ ዝቅተኛ ሙቀት በቁጥር ካልተጻፈ፣ የፈረቃ ኃላፊው ቢቆጣም አስጽፉት።