ከዋናተኝነት ወደ ዓለም አቀፍ የስፖርት አመራር በየት በኩል ይገባል?

እህቴ፣ «ባሕር ዳር ሆኜ መዋኘት ካቆምኩ በኋላ በየት በኩል ልግባ?» ላልሽው፦ በአትሌቶች ውክልና በኩል ግቢ። ዚምባብዌያዊቷ ዋናተኛ ክርስቲ ኮቨንትሪ በዚሁ ነው የሄደችው። እ.ኤ.አ. በ2013 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል የሆነችው አትሌቶችን ወክላ ነው፤ በ2018 የአገሯ የስፖርት ሚኒስትር ሆነች፤ በ2025 የኮሚቴው ፕሬዚዳንት ሆና ተመረጠች፤ ከሴቶችም ከአፍሪካውያንም የመጀመሪያዋ! ሰባቱ የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎቿ በር ከፈቱላት እንጂ ወንበሩን አልሰጧትም።

አንቺ ከክልሉ ፌዴሬሽን ጀምሪ፦ ሰዓት ያዢ፣ ዳኝነት ተማሪ፣ የዋናተኞችን ጥያቄ ይዘሽ ስብሰባ ግቢ። እንግሊዝኛሽንም አጠንክሪ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የውጤት ማስረጃሽን ዛሬውኑ ሰብስቢ። ጣና ዳር ውድድር ሳስተባብር ደጋግሜ ያየሁት ነው፤ ውጤቱ በእስክሪብቶ ይጻፋል፣ ወረቀቱ በእርጥብ እጅ ይያዛል፣ ቀለሙ ይፈስሳል። ቀለሙ ሳይፈስስ ውጤቱን ፎቶ አንሺው፤ ፊርማና ማኅተም ሳታስደርጊም ከዳኞቹ ጠረጴዛ አትራቂ።